ሐራራ የማይረሳው አእምሮ

በጉመር ደጋ፣ በአረቅጥ ገበያ፣ ከወይና ደጋው የመጣው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ሲወርድ፣ ለንስሓ አባቱ ወይም ለሼኩ ቃል ገብቶ ወራት ሙሉ ከበርጫ ርቆ የከረመው ጎልማሳ ያን እርጥብ ኮባ ባየ ጊዜ አፉ ምራቅ ይሞላል፣ እጁም ሳያስበው ወደ ኪሱ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ፈቃደ ደካማ ብሎ መንቀፍ ፍትሕ አይደለም፤ ቃሉን የሰጠው ልቡናው ሲሆን፣ ኮባውን ከምርቃና ጋር አቆራኝቶ ያጠናው አእምሮው ግን ትምህርቱን አልዘነጋምና።

ሱስ ከትዝታ ጋር እንዲህ የተሳሰረ በመሆኑ፣ ሊቃውንት ፈውሱን ትዝታን በሚገዛው የአእምሮ ክፍል መፈለጋቸው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው ራፋኤል መሹላምና ባልደረባው የካናቢስን አስካሪ ንጥረ ነገር ለይተው ካወቁ በኋላ፣ በ1992 አናንዳማይድ የተባለው፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው አምሳያው ተገኘ። አናንዳማይድ የሚሠራበት፣ ኢንዶካናቢኖይድ የሚባለው የአእምሮ ሥርዓት ግብሩ ድንቅ ነው፤ መልእክት ተቀባዩ ሕዋስ ወደ ላኪው መልሶ «በቃ፣ ጸጥ በል» የሚልበት መንገድ ነውና። መልእክቱን የሚቀበሉት ተቀባዮች ትዝታ በሚታነጽበት በሂፖካምፐስ እጅግ ይበዛሉ፤ በ2002 የታተመ ጥናትም እነዚህ ተቀባዮች የሌሏቸው አይጦች አንድ ጊዜ የተማሩትን ፍርሃት መተው እንደሚቸግራቸው አሳይቷል፤ ሐራራም እንደ ፍርሃት የተማሩት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሥርዓት የሚነካ እጅ መጠንቀቅ አለበት። ተቀባዩን የሚዘጋው ሪሞናባንት ለውፍረት ሕክምና በ2006 በአውሮፓ ከተፈቀደ በኋላ፣ ድባቴንና ራስን የማጥፋት ሐሳብን ስላስከተለ በ2008 ታገደ፤ በ2016 ደግሞ በፈረንሳይ ሬን ከተማ፣ አናንዳማይድ እንዳይፈርስ የሚያደርግ መድኃኒት ሲሞከር አንድ ፈቃደኛ ሞተ። የካናቢስን ቅጠል ራሱን ማጨስ መድኃኒት ነው የሚል ቢኖርም ይሳሳታል፤ ካናቢስ ትዝታን ያደክማልና።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጫትን ማን ያጠናልናል የሚለው ነው። የታላላቆቹ መድኃኒት ሠሪዎች ዓይን በትምባሆ፣ በአልኮልና በኦፒየም ዘሮች ላይ ነው፤ የበርጫ ደዌ ገበያቸው አይደለም። እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ሲጠናባት በኖረችው ቡታጅራ፣ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው 10,468 ጎልማሶችን ጠይቀው በ1999 ባሳተሙት ጥናት ግማሾቹ ጫት ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹም 17.4 በመቶው በየቀኑ፣ አብዛኞቹም ለጸሎት ሕሊናን ለመሰብሰብ ብለው። ሕሊናን ይሰበስባል የተባለው ቅጠል በዘመናት ብዛት ትዝታን ምን እንደሚያደርገው፣ ሐራራውስ በኢንዶካናቢኖይድ ሥርዓት በኩል ይበርድ እንደ ሆነ፣ ጥያቄው ሊጠየቅ የሚገባው በዚሁ አገር ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ጤና ሚኒስቴር፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲንም አክለው፣ ጫት የተዉ ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተል፣ ፈቃዳቸውንም በየቋንቋቸው አስረድቶ የሚቀበል ጥናት ይጀምሩ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታሰብ፦ ጫት በተወ ሰው ላይ ዱካክና ድባቴ ቀድመው የሚመጡ ስለ ሆነ፣ ሪሞናባንት ካደረሰው ጥፋት ተምሮ፣ ማንኛውም ኪኒን ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙ ስለ እንቅልፉና ስለ ኀዘኑ ይጠይቀው።