ድርሻን ማመን ከዕርቅ ይቅደም

በጥር 2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል ጋር ተያይዞ በድሬዳዋ የተነሳው ግጭት፣ በድንጋይ ውርወራ ጀምሮ ወደ ሰፊ ተቃውሞ ተሸጋግሮ፣ መንገድ በሚነድ ጎማ እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች 86 ሰዎች ሕይወታቸውን ባጡበት ሁከት፣ ድሬዳዋም የሐዘኑ ተካፋይ ሆናለች።

ግጭት በበረደ ቁጥር የሚጠራው የሰላም መድረክ መልኩ አንድ ነው። አባቶች ይመርቃሉ፣ ባለሥልጣን ያመሰግናል፣ የወጣት ተወካይ ቃል ይገባል፤ ጥፋቱም ከሌላ ቦታ መጣ ለተባለ «ጸጉረ ልውጥ» ተሰጥቶ ጉባኤው ይበተናል። ከውጭ የሚገፋ እጅ የለም አንልም። ነገር ግን ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ጸጉረ ልውጥ በራሱ አያውቅም፤ የሚጠቁመው የሰፈር ልጅ፣ እያየ በሩን የሚዘጋው ጎረቤት፣ ሲጠራ የሚዘገየው የጸጥታ አካል ነው።

የከተማዋን ሥልጣን ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ ብሎ በኮታ ያከፋፈለው አሠራር ለዓመታት ቅሬታ ሲያጠራቅም እያየ ዝም ያለ አመራር፣ ቁጣው ሲፈነዳ የተወረወረውን ድንጋይ ብቻ ሊቆጥር አይገባውም። ቅሬታው እውነተኛ የሆነ ወጣትም፣ ከኮታው ቀመር ምንም እጅ የሌለበትን የጎረቤቱን ሱቅ ሲሰብር፣ በዳይ ሆኗልና የበደሉን ስም ራሱ ሊጠራ ይገባል። አንዱ የሌላውን ጥፋት እየጠቀሰ ከራሱ ነጻ መውጣት አይችልም።

ይህ ለአካባቢው ባዕድ ሐሳብ አይደለም። በኦሮሞ የጉማ ሥርዓት የገዳይ ወገን ጥፋቱን ሳያምን ዕርቅ አይወርድም፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የኢሳ ሶማሌዎች ሄር ኢሴም ካሳን ከአጥፊው ጋር በዘመዶቹ ትከሻ ላይ ያሳርፋል። ሽማግሌዎቻችን ለአንድ ሰው ነፍስ የሚጠይቁትን ጥፋትን ማመን፣ ለከተማ ሰላም ሲሉ የሚያልፉበት ምክንያት አይታየንም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማፈላለግን ከምሰሶዎቹ አንዱ አድርጓል። ስለዚህ የድሬዳዋ አስተዳደር ከእንግዲህ ስለ ግጭት ለምክር ቤት በሚያቀርበው ዘገባ የሌሎችን ጥፋት ከመዘርዘሩ በፊት የራሱን መዘግየትና ቸልታ ይጻፍ፤ የጸጥታ አካላት መቼ እንደተጠሩና መቼ እንደደረሱ ያስታውቁ፤ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎችም የየራሳቸው ልጆች ያደረጉትን ራሳቸው ቆመው ይናገሩ። ይህ ያልተነገረበትን የዕርቅ መድረክ ይህ ጋዜጣ ዕርቅ ብሎ አይቀበለውም።