ለአኩሪ አተር የሚበጀው ሕያው ማዳበሪያ በሕይወት ሳለ ማሳ መድረስ አለበት

በጃዊ፣ በመተማና በፓዊ ቆላማ ማሳዎች የሚለማው አኩሪ አተር ለዘይትና ለመኖ ማቀነባበሪያዎች ግብዓት ነው። አምራቹ አርሶ አደር ግን ከውጭ በሚገባው የአፈር ማዳበሪያ ዋጋ ይፈተናል። ለዚህ ሰብል የናይትሮጅን ወጪን የሚያቃልል አማራጭ በምርምር ተፈትኖ ተገኝቷል፤ ከዘር ጋር የሚለወሰው ሕያው ማዳበሪያ።

አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን ቢሆንም ተክሎች በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ብራዲራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ በአኩሪ አተር ሥር ገብቶ ትንንሽ እብጠቶችን ይፈጥራል፤ በእነዚህም ውስጥ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ወደሚስማማ ምግብ ይለውጣል። በምላሹ ከተክሉ ስኳር ያገኛል። አኩሪ አተር ከምሥራቅ እስያ የመጣ ሰብል በመሆኑ፣ ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ተስማሚው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለሽምብራ ወይም ለባቄላ የተዘጋጀውም አይተካውም።

ለአንድ ሄክታር የሚበቃው ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሆኖም ዩሪያ በመጋዘን ቢከርም ጥቅሙን አያጣም፤ ባክቴሪያ ግን ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ይገድሉታል። በቆርቆሮ መጋዘን የሰነበተ ወይም የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ እሽግ ከውጭ ሲታይ ከደህናው አይለይም። በእርሱ ተማምኖ ዩሪያን የተወ አርሶ አደር ምርቱ ይቀንስበታል፤ ጎረቤቶቹም በቴክኖሎጂው ላይ እምነት ያጣሉ። ስለዚህ እሽጉ ለዘር ወቅት በተቃረበ ጊዜ መመረት፣ በቀዝቃዛ ስፍራ መቀመጥና በፍጥነት መሠራጨት ይኖርበታል። ይህ የአምራቾች፣ የዩኒየኖችና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ነው።

ከአርሶ አደሩ የሚጠበቀውም ቀላል ነው። ዘሩን በጥቂት የስኳር ውኃ አርጥቦ በጥላ ሥር ከባክቴሪያው ጋር መለወስ፣ በዚያው ቀን እርጥበት ባለው አፈር መዝራትና ወዲያው ማልበስ ነው። የታከመው ዘር ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር መነካካት የለበትም።

ሕያው ማዳበሪያ ሁሉንም ችግር አይፈታም። ፎስፈረስን ስለማይተካ እንደ ኤን ፒ ኤስ ያለ ማዳበሪያ በምክረ ሐሳቡ መሠረት ያስፈልጋል። አሲዳማ በሆነ መሬት ላይም አፈሩ በኖራ ካልታከመ ባክቴሪያው ይዳከማል።

ውጤቱን ለማወቅ የምርት ወቅትን መጠበቅ አያስፈልግም። ሰብሉ ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን ሥራቸው ሳይበጠስ ቆፍሮ ማውጣትና እብጠቶቹን መሰንጠቅ ይቻላል። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ አሊያም እብጠት ከሌለ ችግር አለ። የልማት ባለሙያዎች ይህን ምርመራ በየቀበሌው ቢያካሂዱና ውጤቱን ከእሽጉ የምርት ቀን ጋር ቢመዘግቡ፣ ጉድለቱ ከአመራረት፣ ከማከማቻ ወይም ከማሳ መሆኑን ለመለየት ይረዳል።