የዶውሮ ካብ የማን ዕዳ ነው?

በሰሜን ፖርቱጋል፣ በዶውሮ ሸለቆ፣ የፖርቶ ወይን ጠጅ የሚገኝበት ተክል በድንጋይ ካብ በተደገፉ ጠባብ እርከኖች ላይ ይበቅላል። ጠጁ ገና ሲፈላ ከወይን የተጣራ አልኮል ይጨመርበትና ፍላቱ ይቆማል፤ ጣፋጭነቱም ከዚህ ይመጣል። ይህ የጓዳ ሥራ ቀላሉ ነው። በአሮጌው እርከን ትራክተር አይገባም፤ ካቡ በተናደ ቁጥር መልሶ የሚክበው የአምራቹ ቤተሰብ ነው። አቅም ያነሰው ካቡን አፍርሶ ተዳፋቱን በቡልዶዘር ቢቀርጽ አይፈረድበትም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግን ይህንኑ መልክአ ምድር ነው፤ የሁሉ የተባለ ቅርስ ወጪው ለአንድ ቤት ብቻ መተዉ ፍትሐዊ አይመስለኝም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1756 ወሰኑን በከለለው በዚህ ስፍራ፣ አልኮል የሚጨመርበት የወይን ጭማቂ መጠን ዛሬም በየዓመቱ ይወሰናል፤ ለየማሳው በሚሰጠው ነጥብም ቁልቁለቱ ይቆጠራል። እንግዲያውስ ካቡን ጠግኖ ማቆየትም ነጥብ ያስገኝ።