ድንበራችን ኪስህ ውስጥ ነው!

ወገኔ፣ አገር መጠበቅ ሲባል ወታደርና ጠመንጃ ብቻ የሚታይህ ከሆነ ዘመኑ ጥሎህ ሄዷል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ የመጀመሪያው ውሃ ሙሌት ሊጀመር ሲል ጠላት በጉባ በኩል አልመጣም። በኮምፒውተር ነው የመጣው! የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሳ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ያኔ ነግሮናል።

መጋቢት 2016ስ? የንግድ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓት ቢሳሳት፣ ባንኩ ራሱ እንደነገረን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ። እሺ፣ አይደለም። ግን አስበው፤ ማንም ሳይነካን እንዲህ ከሆንን፣ አስቦበት የመጣብን ቀን ምን ልንሆን ነው?

ወደ ፖሊስ እንምጣ። «ፖሊስ ምን ይሠራል?» ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። የድሮ ሌባ ዱካ ይተው ነበር። የዛሬው በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ይደውልልሃል፣ ስልክህ ላይ የገባውን ኮድ ያስነብብሃል፣ ብርህን ከአካውንት ወደ አካውንት ያሸጋግረዋል። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ከሆነ ደግሞ መረጃው ያለው ባሕር ማዶ ነው። የወረዳ መርማሪ ያንን እስኪያገኝ ሌባው ሲሙን ጥሎ ሌላ አውጥቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። አዋጅ ግን ስልክ ከፍቶ ማስረጃ አያወጣም፤ የሚያወጣው የሠለጠነ ሰው ነው።

ታዲያ መንግሥት የሁላችንንም ስልክ ይበርብር ማለቴ ነው? በፍጹም! በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች በሰላይ ሶፍትዌር ሲታደኑ እንደነበር ሲትዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በ2014 እና በ2017 እ.ኤ.አ. አጋልጧል። ለጠላት የተገዛ መሣሪያ ወደ ወገን ሲዞር ሕዝብ ይፈራል። የፈራ ሕዝብ ደግሞ ጥቆማ አይሰጥም፤ ያለ ጥቆማ ፖሊስ ዕውር ነው። ስለዚህ ብርበራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሁን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ጠይቅ!

አንተና አንቺስ?

ኮድ ለማንም አትስጡ፤ «ከባንክ ነው የምደውለው» ቢልም።

ብትጭበረበሩ በንዴት ቻቱን አትደምስሱት፤ እሱ ነው ማስረጃው። ስክሪንሻት ያዙ፣ ለባንኩ ወዲያው ደውሉ፣ ለፖሊስ አመልክቱ።

ደም የሚያፈላ ቪዲዮ ሲመጣ መቼና የት እንደተቀረጸ ሳታውቁ ሼር አታድርጉ። የአንድ ደቂቃ ሼር ያነሳውን እሳት ፖሊስ በሳምንትም አያጠፋውም።

ኮምፒውተር የምትማሩ ደግሞ የሳይበር ደህንነትን የምር ያዙት። አገሪቱ የጎደላት ፉከራ አይደለም፤ ፉከራ ሞልቶናል። የጎደላት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሰርቨር የሚጠብቅ ልጅ ነው።