ሸክላን እስከ መጨረሻው ስለ መስማት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ መሥሪያ ቤት ሥነ ሥርዓት ብዙ ይጻፋል። እኔ የማቀርበው ስለ ጆሮ ነው፤ ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም በትዕግሥት እንዲነበብልኝ እለምናለሁ።

በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ስድስት ጓደኛሞች፣ በየወሩ ደመወዝ በተቀበልን ማግሥት ማጫወቻ ካለው ባልደረባችን ቤት ተሰብስበን፣ አብዛኞቻችን ሰምተነው የማናውቀውን አንድ የቆየ ትልቅ ሸክላ እንሰማለን። ሕጋችን ሁለት ነው። የፊቱም የኋላውም ገጽ ሳያልቅ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው፤ ሰዎች ስለ ሸክላው የጻፉትን አስቀድሞ አንብቦ የመጣ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይናገራል።

ሁለተኛው ሕግ የወጣው በምክንያት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ ያወጣውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ በሰማንበት ዕለት፣ አንድ ወጣት ባልደረባችን መርፌው ገና ሳያርፍ «ይኼ ዓለም ያደነቀው ነው» ብሎ ጀመረ። ምን ሰማህ ሲባል የሚያቀርበው የፈረንጅ ምስክርነት ብቻ ሆነ። ለጡረታ የተቃረቡት የመዝገብ ቤቱ ሹም ግን ሰባቱንም ዜማ ዝም ብለው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «የሠርጉ ዘፈን አለ፤ ሙሽራዪቱ ግን የለችም» አሉ። «ኩሉን ማን ኳለሽ» ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ መቅረቡን መንቀፋቸው ነበር። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ደግሞ «ቃሉ ሲቀርልኝ ነው ዜማውን የሰማሁት፤ እስከ ዛሬ ስጨበጨብ አልፎኝ ነበር» ብላ ተከራከረቻቸው። ክርክሩ እስከ ምሽት ዘለቀ።

እኔ በሠርጉ ዘፈን ላይ ለሹሙ እፈርዳለሁ፤ እልልታ የሌለበት ሠርግ ይቀዘቅዛል። በቀረው ግን ከወይዘሮዋ ጋር ነኝ። አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝታችን፣ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ከሚጠቀመው ከጃዝ ስምም ጋር ሲገናኝ ሳይዋጥ መቆየቱ ትልቅ ሥራ ነው። ይህንንም አንዱን ዜማ በስልክ ሰምቶ ወደ ሌላው በመዝለል ማወቅ አይቻልም።

እርግጥ፣ «ትልቅ ሸክላን በሙሉ መስማት የውጭ አገር ልማድ ነው፤ የእኛ ሙዚቃ የወጣው በትንንሽ ሸክላ ነው» የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። ከፊል እውነት አለው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው የሸክላ ድርጅት እስከ 1975 ያወጣው ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ብቻ ነው። ነገር ግን ጥቂት መሆናቸው በጥንቃቄ እንድንሰማቸው የሚያስገድድ እንጂ የምንተዋቸው ምክንያት አይሆንም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ በካይፋ ስም ወጣ፤ በ1986 ብራስልስ እንደገና ሲታተም ነው የውጭው ጆሮ ያገኘው። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የቀድሞውን ሙዚቃችንን በተከታታይ አሳተሙ። ለዚህ ድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ዛሬ ስለ ገዛ ዘፈናችን የምንሰጠው አስተያየት ከእነዚያ እትሞች መግለጫ የተቀዳ ከሆነ፣ እኛ ምን ሰማን?

ጊዜም አይጠብቅም። ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ፤ አምሐ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በአንድ ዓመት፣ በ2021፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023። በእኛ እጅ ባሉት ትንንሽ ሸክላዎች ላይ የዘፋኙ ስም አለ፤ ሳክስፎኑን ማን ነፋ፣ ኦርጋኑን ማን ተጫወተ የሚለው ግን አልተጻፈም። ሹሙ አንዳንዱን «ይህ የእገሌ አነፋፍ ነው» እያሉ ይለዩታል፤ እኛም በደብተር እንይዛለን። እርሳቸውን የመሰሉ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱና በየጡረታ ደጃፉ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ስለዚህ ብሔራዊ ሬዲዮአችን በሳምንት አንድ ምሽት አንድ ሸክላ፣ የፊቱንም የኋላውንም ገጽ፣ በመካከሉ ማስታወቂያና ወሬ ሳያስገባ እንዲያሰማልን እጠይቃለሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያም የመሣሪያ ተጫዋቾቹን ስም የሚያውቅ አድማጭ እንዲጽፍ ይጋበዝ፤ የተገኘውም ስም በሚቀጥለው ሳምንት ይነበብ። ወመዘክርም ደብዳቤዎቹን ተቀብሎ ቢያስቀምጥ ወጪው አንድ መዝገብና አንድ መደርደሪያ ነው። የእኛ ደብተር እስከ አሁን አሥራ አራት ስም ይዟል፤ ለሚፈልገው ክፍል ግልባጩን ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ