ለማድ ቤቱ ጭስ ተጠሪው ማን ነው?

ይድረስ ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አስተዳደር፣ ለዞኑ ጤና መምሪያና ለውሃና ኢነርጂ መምሪያ
ከሚሴ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሚሴ ከተማ ባለ ሆቴል ወይም ሻይ ቤት ውስጥ ሲጋራ እንዳይጨስ ይከለክላል። አንዱ ባጨሰው ሌላው እንዳይታመም ነው፤ መልካም ሕግ ነው። ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ደዋ ጨፋ፣ ወደ አርጡማ ፉርሲ፣ ወደ ጅሌ ጥሙጋ፣ ወደ ባቲና ወደ ደዌ ሐረዋ ገጠር ቀበሌዎች ስንዘልቅ ግን፣ ከበሩ በቀር ቀዳዳ በሌለው ጎጆ ውስጥ ልጇን አዝላ በሦስት ጉልቻ ላይ የማሽላ እንጀራ የምትጋግር እናት እናገኛለን። የምትተነፍሰው ጭስ በዚያ ሆቴል ከተከለከለው እጅግ ይብሳል። ዐዋጅ ይውጣላት አልልም፤ እንጀራ ጋግረሻል ተብሎ የሚከሰስ ሰው ሊኖር አይገባም። የምለምናችሁ ቀድሞ ለመጸዳጃ ቤት ግንባታ የሰጣችሁትን ትኩረት ለማድ ቤቱም እንድትሰጡት ነው።

ጭስ ዓይን አስለቅሶ የሚያልፍ ይመስለናል። ዋናው ጉዳት ያለው ግን በማይታየው ክፍሉ ነው። እርጥብ እንጨት፣ ኩበትና አገዳ በደንብ ሳይነድ ሲጨስ የሚወጣው ብናኝ ከአንድ የጠጉር ዘለላ በሠላሳ እጥፍ የቀጠነ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አያግዱትም። እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደም ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አየር እንደልብ በማይገባበት ቤት የዚህ ብናኝ መጠን ከሚፈቀደው መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በአገራችን ደግሞ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በሰብል ተረፈ ምርት ነው።

የጤና ኬላውን ሥራ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት የሚያስል ልጅ ይዛ ስትመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ደረት ገልጣ ለአንድ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ነው ብላ አሞክሳሲሊን ትሰጠዋለች። ይህ አሠራር ብዙ ነፍስ ያተረፈ ነው፤ ለእነዚያ እህቶች ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ የሚመለሰው ወደዚያው ምድጃ ዳር ነው። ጭስ የሚተነፍስ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ እየታወቀ፣ «ቤታችሁ እሳቱ የሚነደው የት ነው? ስትጋግሪ ልጁ የት ይሆናል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በየጤና ኬላው እንደ ትንፋሽ ቆጠራው ለምን ግዴታ አይሆኑም? ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቁም።

የእናቶቹ ነገር ደግሞ የበለጠ የተረሳ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ፣ ሃምሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ዳገት መውጣት ያቅታታል፤ ሌሊት ሲያስላት ያድራል፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። አክታዋ ተመርምሮ ነቀርሳ የለም ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ ምርመራው እዚያው ይቆማል። ሽሮፕ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ለብዙ ዓመት የተከማቸ ጭስ የአየር ቧንቧን የሚያጠብብ ሥር የሰደደ በሽታ ያመጣል፤ ይህ በሽታ የሚለየው በትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ነው። የጠበበውን ቧንቧ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ትንፋሽ የሚያቀል ግን አለ፤ ከሁሉም በላይ ከጭሱ መራቅ በሽታው ቶሎ እንዳይብስ ይረዳል። ይህን ሳይነግሯት መመለስ፣ ሕክምና አግኝታለች ብሎ ለመመዝገብ አያበቃም። የዓይን ሞራ፣ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ጣጣም ከዚሁ ጭስ ጋር ይያያዛል። ዝርዝሩን ሐኪሞቻችሁ ያውቁታል።

ሕዝቡ ባለማወቅ ጭስ ውስጥ ተቀመጠ ብላችሁ እንዳትደመድሙ ግን አደራ እላለሁ። የጭሱን ጥቅም አሳምሮ ያውቃል። የጣራውን ሣርና እንጨት ከምስጥና ከብል ይጠብቅለታል፤ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን የማሽላ ዘር ከነቀዝ ያድንለታል፤ በቦርከና ወንዝ ዳር ክረምቱ ሲወጣ የሚነሣውን ትንኝ ያባርርለታል። ወባ በየዓመቱ በሚመላለስበት ቆላ ውስጥ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጭሱን አስወግዱ የሚል ሁሉ አጎበር በወቅቱ ማዳረስ አለበት፤ ዘር የሚቀመጥበትን መላም ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር መምከር አለበት። ይህን ሳያደርግ መስኮት ክፈቱ ብሎ የሚያስተምር ባለሙያ ሰሚ ቢያጣ ጥፋቱ የገበሬው አይሆንም።

ምድጃ እኮ አከፋፍለናል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምጣድ ከ1980ዎቹ ወዲህ በአገሪቱ ተሠራጭቷል፤ በ2004 ዓ.ም ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቆጣቢ ምድጃዎችን ለማዳረስ አቅዶ ነበር። እንጀራ ጋገራ ከቤተሰቡ ማገዶ ከግማሽ በላዩን ስለሚፈጅ፣ ምርጥ ምጣድ ለደን ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንጨት ተሸክማ ለምትመጣዋ ልጅም እንዲሁ። ማገዶ መቆጠብና ሳንባ ማዳን ግን ሁልጊዜ አንድ ላይ አይሄዱም። በዚሁ በክልላችን ሰሜን ምዕራብ ክፍል ተመራማሪዎች የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ለቤተሰቦች ሰጥተው ሕፃናቱን ተከታትለው ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት በሳንባ ኢንፌክሽን ላይ ጉልህ ቅናሽ አላሳየም። በማላዊም በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል። በጓቲማላ ደጋ ግን ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በተሠራላቸው ቤቶች ከባዱ የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሶ ታይቷል።

ከዚህ የምረዳው ምድጃ ማከፋፈል ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ምርጥ ምጣድ እንጀራውን ይጋግራል እንጂ ወጡና ቡናው ያው በጉልቻው ላይ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት በወሎ ቤት ይህ ቀላል ጭስ አይደለም። ጭሱ ከቤት የሚወጣበት መንገድ ካልተበጀለት እሳቱ ቢያንስም ሳንባው አይተርፍም። የሪፖርታችሁ ቁጥር «ስንት ምድጃ ተከፋፈለ» ከሚለው ወደ «ስንት ቤት ከመኖሪያው የተለየ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ማድ ቤት ሠራ» ወደሚለው ይሻገር የምለው ለዚህ ነው።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱ ጤናማ የመኖሪያ ቤት ነበር። መጸዳጃ ቤት ማን እንደቆፈረ፣ ማን እንዳልቆፈረ በየጎጡ ተቆጥሯል፤ ቀበሌዎች በሜዳ ከመጸዳዳት ነፃ ተብለው በአደባባይ ተመስግነዋል። ያ ሁሉ የሆነው በመንግሥት ብር ብቻ አልነበረም፤ ሰው አምኖበት በገዛ ጉልበቱ ቆፍሮ ነው። ከማገርና ከጭቃ የሚሠራ፣ ከበሩ ትይዩ መስኮት ያለው፣ ጣራው ላይ ጭስ መውጫ የተተወለት ማድ ቤትም በዚያው ጉልበት ይሠራል። የደረቀ እንጨት ማቃጠል፣ ሕፃኑን በጋገራ ሰዓት ለአያቱ ወይም ለእህቱ መስጠት ደግሞ ዛሬ ማታ የሚጀመር ነገር ነው። ትምህርቱ እናቶቹ በሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ይሰጥ፤ አማርኛና አርጎብኛ ለሚናገሩትም በቋንቋቸው።

በጉልበት የማይሆነውን ግን ከእናንተ እጠብቃለሁ። ከአራት ከብት በላይ ያለውና ውሃ የሚቀርበው የጨፋ ቤተሰብ ባዮጋዝ ማንደድ ይችላል፤ የተበላሹትን የባዮጋዝ ጉድጓዶች የሚጠግን ባለሙያ ግን ያስፈልጋል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸከም መስመር ከከሚሴ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እንዲዘረጋ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ የትንፋሽ መለኪያ መግዛትም የእናንተ ውሳኔ ነው።

ወንዶች የዚህ ነገር ባለቤት ካልሆኑ ማድ ቤት አይሠራም፤ ማገር የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ሼኾችና አበጋሮች ሰው የሚሰማቸው ሰዎች ናቸውና በመስጊድና በሽማግሌ ጉባኤ ይናገሩ። በረመዳን ወር እናታችን ጾማ ውላ፣ ምግብ ሳትቀምስ፣ ለኢፍጣራችን በእሳት ፊት የምታመሸው ለእኛ ነው። የቤቷን አየር መጠበቅ በእኛ ላይ ያላት ሐቅ ነው።

ዞኑ ባለፉት ዓመታት ያየውን መከራ አልረሳሁም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ከሚሴን ረግጧት አልፏል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ጸጥታው አልተረጋጋም፤ በጀቱም ጠባብ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዓመት አድርጉ አልልም። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ አንድ ቀበሌ ምረጡ፤ ጭስ የሌለበት ማድ ቤት በዕቅዳቸው ውስጥ ከነበጀቱና ከነኃላፊው ስም ይግባ፤ ስለ እሳቱና ስለ ልጁ ያነሣኋቸው ሁለቱ ጥያቄዎችም በየጤና ኬላው መዝገብ ይካተቱ። የመረጣችኋቸውን ቀበሌዎች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉልን። እኛም እየሄድን እናያለን፤ ጉልበት በሚያስፈልግበትም እናግዛለን።

ከአክብሮት ጋር