ላፕቶፕ ስንገዛ ስለ ማከማቻው አስቀድመን እናስብ



በዛሬው ዘመን ላፕቶፕ ከቤት ዕቃዎች እንደ አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። ልጅ ወደ ዩኒቨርስቲ ሲገባ፥ ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን ለመጀመር ሲዘጋጅ፥ ቤተሰቡ ከዕለት ወጪው ቀንሶና አጠራቅሞ አንድ ላፕቶፕ ይገዛለታል። ይሁን እንጂ ገዢው በሱቁ ውስጥ ቆሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዋጋው፥ ስለ ስሙና ስለ መልኩ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚቀመጥበትን ክፍል፥ ማለት ማከማቻውን፥ አጥብቆ የሚመረምር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ለቤተሰብ ይጠቅማል ብለን ያሰብነውን ምክር በዚሁ ነገር ላይ ለመስጠት እንወዳለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የላፕቶፕ አካል የሆነው ዕቃ ሁሉ ቢበላሽ በገንዘብ ይተካል። ስክሪኑ ቢሰበር ሌላ ስክሪን፥ ባትሪው ቢደክም ሌላ ባትሪ ይገዛል። በዲስኩ ላይ የተቀመጠው የዓመት ድካም፥ የሠርግ ፎቶግራፍ፥ ያረፈች አያት ድምፅ ግን በየትኛውም ሱቅ ተሽጦ አይገኝም። እንግዲህ ማከማቻ መምረጥ ማለት ፈጣኑን ወይም ሰፊውን ዲስክ መለየት ብቻ አይደለም፤ ያ ዲስክ አንድ ቀን የተበላሸ እንደ ሆነ ምን ይቀርልናል ብሎ አስቦ፥ ያለውን ገንዘብ በዚያው ልክ መደልደል ነው እንጂ።

የዲስክን ነገር ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመልከት። የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ለሥራ ያቀረበው የአሜሪካው አይ ቢ ኤም ኩባንያ ሲሆን፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1956 ነበር። በዚያ መሣሪያ ውስጥ ስፋታቸው 61 ሳንቲ ሜትር የሆነ 50 ሳሕኖች ተደራርበው ይሽከረከሩ ነበር፤ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ነበር። የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ሊሞላው ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ሃርድ ዲስክ በመጠኑ ቢያንስም በአሠራሩ አልተለወጠም። ሳሕኑ በላፕቶፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ ጽሑፉን የምታነበው ትንሽ ራስም ሳሕኑን ሳትነካ፥ ከጠጕር ውፍረት እጅግ በቀጠነ ክፍተት ትንሳፈፋለች። ስለዚህ በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ወይም ቢንቀጠቀጥ ለጉዳት የተጋለጠ ነው።

ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ጽሑፉ ፍላሽ ሜሞሪ በሚባሉ ቺፖች ውስጥ በኤሌክትሪክ ይቀመጣል። ይህንም ሜሞሪ የፈለሰፉት በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው።

በፍጥነት ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ያህል ያነብባል። ሳታ በሚባለው መስመር የሚሠራው ኤስ ኤስ ዲ እስከ 550፥ ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው ደግሞ እንደ ትውልዱ 3500 ወይም 7000 ሜጋባይት ያህል ያነብባል። ይሁን እንጂ ገዢ በቍጥር ብዛት እንዳይታለል እንመክራለን። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስ ኤስ ዲ የተሻገረ ሰው ላፕቶፑ እንደ አዲስ የተወለደ ይመስለዋል፤ ከ3500 ወደ 7000 የተሻገረው ግን ደብዳቤ ሲጽፍ፥ ጥናት ሲያነብና ኢንተርኔት ሲከፍት ልዩነቱን ከቶ ላያስተውለው ይችላል። እንግዲህ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ የሚቀመጡበት ዋናው ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ፍጥነት ግን ቪዲዮ በማቀናበር እንጀራውን የሚያገኝ ካልሆነ በቀር ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ኤስ ኤስ ዲ ብዙ ጊዜ ሲጻፍበት ያልቃል ብለው የሚሠጉም አሉ። እውነት ነው፥ ቺፑ የሚችለው የጽሕፈት መጠን የተወሰነ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስኮች እስከ 300 ቴራባይት ለሚደርስ ጽሕፈት ዋስትና አላቸው። በየቀኑ 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው ይህን ለመጨረስ ከ40 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የሚያሠጋው እንዲህ ያለው እርጅና ሳይሆን ድንገተኛው ብልሽት፥ ሌባና ውኃ ነው።

ስለ ስፋቱም እንናገር። በሳጥኑ ላይ 256 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ ሲታይ 238፥ 512 የተባለውም 476 ያህል ሆኖ ይገኛል። ይህ የነጋዴው ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በ1000፥ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያባዛ ስለሚቈጥር ነው። ከዚሁም ላይ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ በቀላሉ ከ50 ጊጋባይት በላይ ይወስዳሉ፤ ዲስኩም ሳይጨናነቅ እንዲሠራ ከስፋቱ አምስተኛው እጅ ያህል ባዶ ቢቀር ይመረጣል። ስለዚህ 256 ለጽሕፈት ሥራ ብቻ ይበቃል፤ የቤተሰቡ ፎቶግራፍና ቪዲዮ የሚከማችበት ከሆነ ግን 512 የተሻለ ነው።

ከመክፈል በፊት ሻጩን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛው፥ ዲስኩ ወደ ፊት ሊወጣና በሌላ ሊለወጥ ይችላል ወይ? የሚለው ነው። እንደ አፕል ማክቡክ ኤር ባሉ ስስ ላፕቶፖች ማከማቻው ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ ማስፋት አይቻልም። ሁለተኛው፥ ሌላ ዲስክ የሚገባበት ትርፍ ቦታ አለው ወይ? የሚለው ነው። በዚህም ላይ ኤም.2 የሚለው ስም የቅርፁ ስም እንጂ የፍጥነቱ ስም እንዳይደለ ማወቅ ይጠቅማል፤ በዚያው ቅርፅ ሳታም ኤን ቪ ኤም ኢም ይሠራልና፥ ላፕቶፑ የሚቀበለው የትኛውን እንደ ሆነ ሳያረጋግጡ ዲስክ መግዛት አይገባም። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛም ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነትና የሠራበትን ሰዓት እዚያው ሱቁ ውስጥ ያስመርምር።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት ነገር ደርሰናል። በአገራችን አንዱን ዲስክ ሲ እና ዲ ብሎ ለሁለት መክፈል የተለመደ ነው። ይህ አከፋፈል ዊንዶውስ ቢበላሽና እንደ ገና ቢጫን በዲ ላይ ያለው ሥራ እንዳይነካ ይረዳል። ነገር ግን አንድ ጐተራ በመካከሉ ግድግዳ ቢሠራለት ሁለት ጐተራ አይሆንም፤ እሳት የተነሣ እንደ ሆነ ሁለቱም ወገን ይቃጠላል። ዲስኩ ራሱ ሲበላሽ ሲም ዲም አብረው ይጠፋሉ። በላፕቶፑ ውስጥ በእርግጥ ሁለት ዲስክ ቢኖርስ? አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ውኃ ቢፈስበት ግን ሁለቱም ዕጣቸው አንድ ነው።

ስለዚህ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ቤተሰብ ለልጁ ላፕቶፕ ሊገዛ ሄደ እንበል። ሻጩ ሁለት ያቀርባል፤ ሁለቱ በሌላው ነገር ተመሳሳይ ሆነው አንዱ 1 ቴራባይት፥ ሌላው 512 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ አላቸው። የዋጋቸው ልዩነት በውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት የሚበቃ ከሆነ፥ እኛ ባለ 512ቱን ገዝቶ በተረፈው ገንዘብ የውጭ ዲስክ መጨመርን እንመርጣለን። ሰፊውን የገዛ ቤተሰብ ብዙ ነገር በአንድ ቦታ ይኖረዋል፤ ሁለት የገዛው ግን ጥቂት ያነሰውን ነገር በሁለት ቦታ ያኖራል። ላፕቶፑ በታክሲ ላይ በጠፋ ማግስት ከሁለቱ ቤተሰቦች የማንኛው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ወደ መምህሩ እንደሚቀርብ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። በዚህ ጊዜ ዘገምተኛው ሃርድ ዲስክ ይጠቅማል፤ ለቅጅ ማስቀመጫ ፍጥነት አያስፈልግምና። ኤስ ኤስ ዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ዘመን ሲቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ስለሚችል፥ በመሳቢያ ለሚኖር ቅጅ ሃርድ ዲስኩ ይሻላል።

የውጭ ዲስክ ሲገዛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ከእውነተኛ ስፋታቸው እጅግ የበለጠ ቍጥር የተጻፈባቸው ሐሰተኛ ፍላሾችና ዲስኮች አሉ። እነዚህ ሲሞሉ ፋይሉን የተቀበሉ መስለው ያጠፉታል። ዋጋው ከመጠን በላይ የረከሰውን መጠርጠር፥ የተገዛውንም ፋይል ሞልተው መልሰው በመክፈት መፈተን ይገባል።

ዲስኩ ከተገዛ በኋላ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በሳምንት አንድ ቀን ተወስኖ አዲሱ ሥራ ይገልበጥ፤ ተገልብጦም ሲያበቃ ዲስኩ ይነቀል፥ ፋይል የሚቈልፉ ቫይረሶች የተሰካውን ሁሉ ያጠቃሉና። በላፕቶፑ ቦርሳም አብሮ አይቀመጥ። የመመረቂያ ጽሑፍን የመሰለ ትንሽ ፋይል በየቀኑ ወደ ራስ ኢሜይል ቢላክ ሦስተኛ ቅጅ ይሆናል። በየጊዜውም ከቅጁ አንዱን ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ማየት መልካም ነው፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጅ አለኝ ተብሎ አይቈጠርምና።

በመጨረሻም ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩን በምስጢር ቍልፍ እንደሚዘጉት ቤተሰብ ይወቅ። ይህ ከሌባ የሚጠብቅ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ቦርዱ ተበላሽቶ ዲስኩ በሌላ ማሽን እንዲነበብ ቢያስፈልግ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር ይጠየቃል። ይህን ቍጥር ላፕቶፑ በተገዛበት ሳምንት በወረቀት ገልብጦ፥ ከቤቱ ካርታና ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር ማኖር ይገባል።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል። አሁን በእጃችሁ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አዲስ እስክትገዙ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፥ ይህ ዲስክ ነገ ባይነሣ የሚያሳዝነን የትኛው ነው? ብላችሁ ተጠያየቁ፤ በመጀመሪያ የተጠራውንም ነገር በመጀመሪያ ገልብጡት።